መንገዱ አንድ፣ ወረቀቱ ብዙ፦ የመስመር ሥራ ሞዴሎችንና ሥዕሎችን የማደራጅበት መንገድ

ቢሮዬ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ የኤ3 ማተሚያና መብራት ሲጠፋ ሃያ ደቂቃ የሚያቆየን ባትሪ አለን። ከበሩ ውጭ ጎረቤታችን ጀበናዋን ጥዳ ትውላለች። ከዚህ ጥቂት ራቅ ብሎ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ክፍያ ጣቢያ ይገኛል። አዲስ ተመርቀው ለሚመጡልኝ ልጆች በመጀመሪያው ቀን የማነሳላቸው ይህንን መንገድ ነው። ርዝመቱ ከ80 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ስፋቱ ስድስቱን መስመርና ትከሻውን ጨምሮ ወደ ሠላሳ ሜትር ነው። በ1፡1000 እንሣለው ብንል ሦስት ሳንቲ ሜትር ስፋትና ከ80 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ወረቀት ያስፈልገናል። እንዲህ ያለው ነገር መቀነት ነው እንጂ ወረቀት አይባልም።

ሕንፃ የሚነድፍ ሰው ሥራው በአንድ ግቢ አጥር ውስጥ ያልቅለታል። መንገድ፣ የባቡር ሐዲድ ወይም የውኃ ቱቦ የሚነድፍ ግን መቀነቱን እየቆረጠ ነው ወረቀት ላይ የሚያስቀምጠው። ጣጣው የሚጀምረው ከመቁረጡ በኋላ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከእናቱ ተለይቶ በራሱ ማደር ይጀምራል።

አባቴ የሥራ ዘመኑን በሙሉ ያሳለፈው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነበር። ደብዳቤ ሲገባ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ሲወጣም ቁጥር ይሰጠዋል። አንድ ጉዳይ በሁለት ፋይል ውስጥ ተከፍቶ ካገኘ መነጽሩን አውልቆ "ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል" ይል ነበር። እኔም ከዚህ የተሻለ የፋይል አያያዝ መመሪያ እስካሁን አላነበብኩም።

የእርሱን አባባል ወደ እኛ ሥራ ስመልሰው እንዲህ ይሆናል፦ ሞዴል (የንድፉ ዋና መረጃ የሚኖርበት ፋይል) ቤት ነው፣ ሥዕል መስኮት ነው። የመንገዱ መሐል መስመር የሚኖረው በአንድ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው። አሥር ወረቀት ላይ ቢታይ አሥር መስኮት ተከፈተለት ማለት ነው እንጂ አሥር መሐል መስመር ተወለደ ማለት አይደለም። መስኮት ላይ ደግሞ ማንም ቤት አይሠራም።

ይህንን የተማርኩት በገንዘብና በእፍረት ነው። ከዓመታት በፊት ከዚሁ አካባቢ የ6.4 ኪሎ ሜትር መጋቢ መንገድ እንሠራ ነበር። ሥዕሉ በኤ3 በ1፡2000 ስለሚወጣ አሥር ወረቀት ሞላ። 2+100 አካባቢ፣ ማለትም ከመነሻው 2 ኪሎ ሜትር ከ100 ሜትር ላይ፣ አንድ የከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ ምሰሶ መንገድ ላይ ስለቆመብን መስመሩን አጠፍነው፤ በመታጠፉም 7 ሜትር ረዘመ። ከዚያ በኋላ ያለው ስቴሽን (ከመነሻው የተቆጠረ ርቀት) ሁሉ በ7 ሜትር ተገፋ ማለት ነው። ዘጠኙ ወረቀት ራሱን አስተካከለ። ሰባተኛው ግን ከአንድ ወር በፊት እኔው ራሴ "ቶሎ ልጨርስ" ብዬ ፕሮፋይሉን (የመንገዱን የከፍታ መስመር) በትኜ ወደ ተራ መስመር የቀየርኩት ወረቀት ነበር። እዚያ ላይ ጎርፍ የሚያሳልፈው ቱቦ 4+380 እንዳለ ቀረ፤ መሆን የነበረበት 4+387 ነው። በሰኔ መጀመሪያ፣ ዋልካው መራስ ሲጀምር፣ ካቦው ስልክ ደወለልኝ፦ "እትዬ፣ ውኃው እዚያ ማዶ ነው፣ እኛ የቆፈርነው እዚህ ነው።" ሦስት ቀን የተቆፈረ ጉድጓድ ነበር። ያቺን ወረቀት ዛሬም ድረስ ከጠረጴዛዬ መስታወት ሥር አስቀምጫታለሁ።

ከዚህ በታች ያለው እንዲህ ያለ ስልክ እንዳይደወልላችሁ ነው። ምሳሌዎቼ ሲቪል ስሪዲ በሚባለው የመንደፊያ ሶፍትዌር ናቸው፤ እዚህ አገር ብዙዎቻችን የምንሠራበት እርሱ ስለሆነ።

ሶፍትዌሩን ከመክፈታችሁ በፊት

መጀመሪያ የመሬቱን መጋጠሚያ ቁጥሮች አረጋግጡ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ የሚገኙት ዩቲኤም በሚባለው የካርታ ቁጥር ሥርዓት በዞን 37 ሰሜን ነው፤ የዞኑ መሐል መስመር 39 ዲግሪ ምሥራቅ ስለሆነ እኛ ከእርሱ ትንሽ ወደ ምዕራብ እንውላለን። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የምሥራቅ ቁጥራችሁ ከ500 ሺህ ትንሽ ዝቅ ያለ፣ የሰሜን ቁጥራችሁ ደግሞ ከ1 ሚሊዮን ትንሽ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ቀያሹ የላከው ዝርዝር ላይ ትልቁ ቁጥር በምሥራቅ ዓምድ ከተቀመጠ ዓምዶቹ ተለዋውጠዋል፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ከዞኑ የባሰው ግን ዳተሙ፣ ማለትም ቁጥሮቹ የሚነሡበት የምድር ቅርጽ ልክ፣ ነው። ነባር የአገራችን ካርታዎችና የቅየሳ ምልክቶች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም ነው። የሳተላይት መቀበያ መሣሪያና ከኢንተርኔት የሚወርደው ምስል ግን የሚናገሩት በደብሊውጂኤስ 84 ነው። በሁለቱ መካከል በእኛ አካባቢ ከ200 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። አንድ ጊዜ አቃቂ አጠገብ የነደፍነውን መንገድ የሳተላይት ምስል ላይ ስናስቀምጠው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ገብቶ በመቃብሩ በኩል ወጣ። ልጆቹ ደነገጡ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ 200 ሜትር የሚያህል ስህተት ራሱን ያጋልጣል። የሚያስፈራኝ ሁለት ሜትር የሚሆነው ነው፤ እርሱ የሰው አጥር ላይ ቆሞ ዝም ይላል።

ሦስተኛው ጉዳይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ የካርታ ርቀትና የመሬት ርቀት አንድ አይደሉም። በዩቲኤም መሐል መስመር ላይ መለኪያው በ0.9996 ይባዛል፤ ብቻውን በኪሎ ሜትር 40 ሳንቲ ሜትር ያሳጥራል። እኛ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብለን ስለምንኖር ያ ከፍታ የራሱን ሠላሳ ምናምን ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። ሲደመር በኪሎ ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። አሥር ኪሎ ሜትር የሚረዝም የቱቦ መስመር በካርታ ቁጥር ከለካችሁት መሬት ላይ ሰባት ሜትር ቱቦ ይጎድላችኋል። የትኛውን እንደምትጠቀሙ ወስኑና በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ ጻፉት፦ ዞኑ፣ ዳተሙ፣ ርቀቱ የካርታ ይሁን የመሬት፣ ከፍታው ከየትኛው ቤንች ማርክ (ከፍታው የታወቀ የቅየሳ ምልክት) እንደተነሣ። በሲቪል ስሪዲ የሥዕሉ ቅንብር ውስጥ የመለኪያ አሃድና የዞን ገጽ አለ፤ ይህንን የሞላችሁበትን ባዶ ፋይል ቴምፕሌት አድርጋችሁ አስቀምጡት። በፕሮጀክቱ ውስጥ የሚከፈት ማንኛውም አዲስ ፋይል ከዚያ ቴምፕሌት ይወለድ።

ፎልደሮቹ

ስድስት ይበቃሉ። አሥራ ስምንት ፎልደር ከፍተው አሥራ አንዱ ባዶ የሆነባቸው ቢሮዎች አይቻለሁ፤ ባዶ ፎልደር እንደ ባዶ ሳጥን ነው፣ ሰው ያገኘውን ይጥልበታል።

"የገባ" የምንለው ከውጭ የመጣው ሁሉ የሚያርፍበት ነው፤ ከአማካሪው፣ ከቀያሹ፣ ከመብራትና ከውኃ መሥሪያ ቤቶች የመጣው፣ እንደመጣ፣ ሳይነካ፣ በመጣበት ቀን ስም በተሰየመ ንዑስ ፎልደር። እዚያ ውስጥ ማንም አይሠራም። "ቅየሳ" የተጣራው የነጥብ ዝርዝር ነው። "ሞዴል" ቤቶቹ የሚኖሩበት ነው። "መሠረት" ነባሩን ዓለም ይይዛል፦ ቤቶች፣ አጥሮች፣ ምሰሶዎች፣ የቀበሌ ወሰን። "ሥዕል" መስኮቶቹ ናቸው። "የወጣ" ከቢሮ ያስወጣነው ነው፤ ስለ እርሱ ኋላ እመለሳለሁ።

የፋይል ስም ላይ አንድ የእኛ ብቻ የሆነ ወጥመድ አለ። አንድ ፋይል 2017-05-10 ተብሎ ተሰይሞ ብታገኙ መቼ ተሠራ ትላላችሁ? በእኛ አቆጣጠር ጥር 10 ቀን 2017 ነው። በፈረንጆቹ ከሆነ ግንቦት ውስጥ የዋለ፣ ከስምንት ዓመት በላይ ያረጀ ፋይል ነው። ከውጭ ሥራ ተቋራጭ ጋር በምንሠራበት ጊዜ ሁለቱም ዓይነት በአንድ ፎልደር ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እኔ በፋይል ስም ላይ የማስቀምጠው የፈረንጆቹን ነው፤ ኮምፒውተሩም የሚቆጥረው በዚያው ስለሆነ። በደብዳቤና በወረቀቱ ርዕስ ሳጥን ላይ ግን የእኛን ከነ"ዓ.ም." እጽፋለሁ። የትኛውን እንደምትመርጡ የእናንተ ጉዳይ ነው፤ መቀላቀል ግን አይቻልም። ዓመቱ ይቅደም፣ ወሩ ይከተል፣ ቀኑ በመጨረሻ ይምጣ፤ ያን ጊዜ ፋይሎቹ ያለ ጠሪ ይሰለፋሉ። ሰዓቱንም አትርሱ፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ያስቀመጣችሁት ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ 16 ሰዓት ብሎ ይታያል። "የአሥር ሰዓቱን ላክልኝ" ተብሎ የጠዋቱ የተላከበትን ቀን አስታውሳለሁ።

የቀረው የስም ነገር አጭር ነው። የፕሮጀክቱ ምልክት፣ የነገሩ ዓይነት፣ የክፍሉ ፊደል፤ በቃ። ስም ላይ ስቴሽን አትጻፉ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ማን የት ይኖራል

"ሞዴል" ፎልደር ውስጥ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ፋይል ይኑረው። የነባሩ መሬት ሰርፌስ (የገጹ ቅርጽ) ለብቻው። አላይንመንት (መሐል መስመሩ) እና የንድፍ ፕሮፋይሉ አብረው፤ ፕሮፋይል የአላይንመንት ልጅ ስለሆነ ከእናቱ አይለይም። ኮሪደሩ (በመሐል መስመሩ ላይ የሚለብሰው የመንገዱ ሙሉ አካል) ለብቻው፣ ረጅም ከሆነ በየክፍሉ። የጎርፍ ቱቦና የቦይ መረብ ለብቻው። የአግድም ቁርጦቹና የአፈር መጠን ስሌቱ ለብቻው።

ዝምድናቸው እንደ ወንዝ ነው። ከሰርፌስ ወደ አላይንመንት፣ ከአላይንመንት ወደ ኮሪደር፣ ከኮሪደር ወደ ቁርጥና መጠን፣ ከዚያ ወደ ሥዕል ይፈሳል። አንድ ፋይል ከበታቹ ካለ ፋይል ነገር ሊቀዳ ከፈለገ አደረጃጀታችሁ ላይ የሆነ ስህተት አለ፤ ውኃ ሽቅብ አይሄድም። ኮሪደሩ የሚሰጠው የተጠናቀቀ መንገድ ገጽ ለቱቦው መረብ ያስፈልጋል፣ የቱቦው መረብ ደግሞ ኮሪደሩን እንዲቀይር ትፈልጋላችሁ እንበል። ያን ጊዜ ሁለቱን በማያያዣ አትቆላልፏቸው። ለውጡን ሰው በእጁ፣ አስቦበት፣ ወደ ላይ ሄዶ አላይንመንቱ ወይም ፕሮፋይሉ ላይ ያድርገው።

እነዚህን ፋይሎች የሚያገናኘው ዳታ ሾርትከት ይባላል። አሠራሩን አንድ በአንድ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ግማሹን ብቻ ስለሚያውቀው።

በቱልስፔስ መስኮት፣ በፕሮስፔክተር ገጽ ላይ፣ ዳታ ሾርትከት የሚለውን ታገኛላችሁ። እርሱ ላይ በቀኝ ተጭናችሁ የሥራ ፎልደሩን ታሳዩታላችሁ። የሥራ ፎልደር ማለት ፕሮጀክቱ ራሱ አይደለም፤ ፕሮጀክቶቹን ሁሉ የያዘው የበላዩ ፎልደር ነው። ይህችን ማምታታት ከመጀመሪያው ሳምንት ስህተቶች ሁሉ አንደኛ ናት። ከዚያ አዲስ የሾርትከት ፕሮጀክት ትከፍታላችሁ፤ ሶፍትዌሩ ሾርትከቶቹን የሚያስቀምጥበትን ፎልደር ራሱ ይፈጥራል። እርሱን አትንኩት፣ ስሙን አትቀይሩት፣ "ምንድን ነው ይሄ?" ብላችሁ አትሰርዙት። የእኔ አንዱ ልጅ ሰርዞታል።

ቀጥሎ የሰርፌሱን ፋይል ከፍታችሁ ከፕሮጀክቱ ጋር ታዛምዱታላችሁ፤ ሴቭ ታደርጉታላችሁ፤ ያልተቀመጠ ፋይል ሾርትከት አይወጣለትም። ከዚያ ሾርትከት ፍጠር የሚለውን ተጭናችሁ ሰርፌሱ ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ። አሁን የአላይንመንቱን ፋይል ስትከፍቱ ያ ሰርፌስ በዝርዝሩ ውስጥ ይጠብቃችኋል፤ በቀኝ ተጭናችሁ ማጣቀሻ ፍጠር ትሉታላችሁ። የነባሩ መሬት ፕሮፋይል ከዚያ ይሳላል። እንዲህ እያላችሁ እስከ ታች ትወርዳላችሁ።

ሾርትከቱ ራሱ ትንሽ የኤክስኤምኤል ጽሑፍ ነው። ውስጡ የመሬት ቅርጽ የለም፤ ያለው ስምና አድራሻ ነው። ስለዚህ የሾርትከቱን ፎልደር ብቻ በፍላሽ ገልብጦ ወደ ሳይት የሄደ ሰው የዘመዱን አድራሻ ይዞ ቤቱን ረስቶ እንደሄደ ቁጠሩት። አድራሻ ስለሆነም ቤቱ ሲዛወር ይሰበራል። የሞዴል ፋይልን በዊንዶውስ በኩል ወደ ሌላ ፎልደር አታዛውሩ፣ ስሙንም አትቀይሩ። ግድ ከሆነ የዳታ ሾርትከት ኤዲተር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አብሮ ይጫናል፤ አድራሻውን እዚያ ታድሱታላችሁ። ሁለቱም ኮምፒውተሮቻችን ፕሮጀክቱን የሚያዩት በአንድ ዓይነት የድራይቭ ፊደል ነው፤ በአንዱ ዲ በሌላው ኢ ሆኖ ሁለት ሳምንት ተቸግረናል።

በተቀባዩ ፋይል ውስጥ የነገሩ ቅርጽ አይነካም፤ መልኩና ጽሑፉ ግን የተቀባዩ ነው። ያው አላይንመንት በፕላን ሥዕሉ ላይ በቀይ፣ በቁልፍ ካርታው ላይ በወፍራም ጥቁር ሊታይ ይችላል። ምንጩ ተለውጦ ሲቀመጥ ተቀባዩ ላይ ማስታወቂያ ብቅ ይላል፤ አመሳስል የሚለውን ተጫኑ። ማስታወቂያውን በኤክስ እየዘጋ የሚሠራ ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት።

እዚያው አጠገብ ፕሮሞት የሚል ትእዛዝ አለ። ስሙ ሹመት ይመስላል፤ ሥራው ግን ገመዱን መቁረጥ ነው። ማጣቀሻውን ከምንጩ ነጥሎ ሙሉ ቅጂ አድርጎ እዚህ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁለት አላይንመንት አለ፤ አባቴ እንዳለው፣ አንዱ ይዋሻል። በእኔ ቢሮ ፕሮሞት የሚደረገው ለውጭ ሰው በሚሰጥ ቅጂ ላይ ብቻ ነው።

መቀነቱን የት እንቁረጥ

ኮሪደር ሲረዝም ኮምፒውተሩ ያቃስታል። የእኛ አሮጌው ኮምፒውተር ስምንት ኪሎ ሜትር ኮሪደር ሲያሰላ ቡና ይፈላል፣ ሁለተኛው ይጠጣል፣ በረካው ይደርሳል። ስለዚህ ኮሪደሩን እንከፍላለን። አላይንመንቱን ግን አንቆርጥም፤ አንድ መንገድ አንድ መሐል መስመር ነው ያለው። የሚከፈለው በእርሱ ላይ የሚለብሰው ኮሪደር ነው።

ቦታውን ስትመርጡ ክብ ቁጥር አይማርካችሁ። "በየሁለት ኪሎ ሜትሩ" ማለት ለጆሮ ደስ ይላል፤ ነገር ግን 2+000 በኩርባ መሐል፣ መንገዱ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል በጀመረበት ቦታ ላይ ሊውል ይችላል፤ መጋጠሚያው ላይ ደረጃ ይወጣል። ቀጥ ባለ ቦታ፣ ወይም ተፈጥሮ ራሷ በቆረጠችው ላይ ቁረጡ፤ ድልድይ ላይ፣ ትልቅ መገናኛ ላይ። ለክፍሎቹ ፊደል ስጧቸው፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ። የአንዱ መጨረሻና የሌላው መጀመሪያ ስቴሽን እስከ ሚሊ ሜትር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ ክፍተት ከተፈጠረ የአፈር መጠኑ ይጎድላል፣ ከተደራረበ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ስቴሽን ነገር እንመለስ። መስመሩ መሐል ላይ ሲታጠፍ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይገፋል፤ የእኔን ሰባት ሜትር አስታውሱ። ንድፍ ላይ እያለን ይገፋ፤ ሾርትከቱ ያስተካክለዋል። ሥዕሉ ለግንባታ ከወጣ፣ ችካሉ ከተተከለ፣ ሰዎች "4+380 ላይ ያለው ቱቦ" ማለት ከጀመሩ በኋላ ግን ቁጥሩን መግፋት ሳይቱን ማሳበድ ነው። ያን ጊዜ የስቴሽን እኩልታ ተጠቀሙ። በአላይንመንቱ ባሕርያት ውስጥ አለ፤ የታጠፈው ክፍል ሲያልቅ "ከኋላ ይህ፣ ከፊት ይህ" ብላችሁ አሮጌውን ቁጥር ታስቀጥላላችሁ። ከእኩልታው በኋላ ያለ ሰው ለውጡ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ሥራውን ይቀጥላል። እኩልታውን ግን በፕላኑ ላይ በሳጥን ከባችሁ አሳዩ፤ ቀያሹ ሳያየው ካለፈ ያው ጉድጓድ ነው።

ለዚህም ነው በፋይል ስም ላይ ስቴሽን አትጻፉ ያልኩት። "ከ4200 እስከ 4900" ተብሎ የተሰየመ ወረቀት መስመሩ በተነካ ማግሥት ስሙ ውሸት ይሆናል። "ፕላን 07" የተባለው ግን ሁልጊዜ ሰባተኛው ነው።

ኤክስሬፍ

ነባር ቤቶችን፣ ወሰኑን፣ ምሰሶዎቹን እንደ ኤክስሬፍ፣ ማለትም ከሌላ ፋይል ተያይዞ እንደሚታይ ሥዕል፣ እናመጣቸዋለን። አራት ነገር ብቻ። ዓይነቱ ኦቨርሌይ ይሁን፤ አታች ካላችሁት በሄደበት ሁሉ ቤተሰቡን አስከትሎ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ቤት ሦስት ጊዜ ተደራርቦ ታገኙታላችሁ። አድራሻው አንጻራዊ ይሁን። የሚያርፈው ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ላይ ነው፣ ልኩ አንድ፣ ዙሩ ዜሮ። አልገጥም ካለ በሙቭ አትጎትቱት፤ ያልገጠመበት ምክንያት አለ፣ ምናልባትም ያ ዳተም ነው። አሃዱንም ተመልከቱ፤ አርክቴክቶች ብዙ ጊዜ በሚሊ ሜትር ስለሚሥሉ ከእነርሱ የመጣ አንድ ትምህርት ቤት ሺህ እጥፍ አድጎ ከተማውን ሊውጥ ይችላል።

ሥዕሉ

መስኮቱ ላይ የሚጻፈው የወረቀቱ የራሱ ነገር ብቻ ነው፦ የርዕስ ሳጥን፣ የሰሜን ምልክት፣ ማስታወሻዎች። ሌላው ሁሉ ከሞዴል ይታያል። ፕላንና ፕሮፋይል ለማውጣት የፕላን ፕሮዳክሽን መሣሪያዎች አሉ፤ ቪው ፍሬሞቹን (እያንዳንዱ ወረቀት የሚያሳየውን ክልል) በአላይንመንቱ ላይ ይደረድራሉ፣ የመጋጠሚያ መስመሮቹን ያስቀምጣሉ፣ ፕላኑን እንደ መንገዱ አቅጣጫ ያዞሩታል። ሥዕሉን ራሱን በሮቴት የሚያዞር ሰው መጋጠሚያ ቁጥሮቹን ሁሉ ገደላቸው ማለት ነው፤ የሚዞረው እይታው ነው።

ኤ1 ላይ በ1፡1000 የተዘጋጀ ሥዕል በኤ3 ሲታተም ልኩ በግማሽ ስለሚያንስ 1፡2000 ይሆናል። የርዕስ ሳጥኑ ላይ ሁለቱንም ጻፉ። ሳይት ላይ የሚዞረው ኤ3 ነው፤ ሰውም በማስመሪያ ይለካዋል፣ አይለካም ብላችሁ አትመኑ።

ወረቀቶቹን በሺት ሴት ማኔጀር ሰብስቡ። የወረቀት ቁጥር፣ የፕሮጀክት ስም፣ የእርማት ፊደል በእጅ አይጻፉም፤ በፊልድ (ራሱን በሚያድስ ጽሑፍ) ተያይዘው ከዚያ ይምጡ። አሥረኛው ወረቀት ላይ ቀኑን መቀየር የረሳ ሰው ወቀሳ አይገባውም፣ ወቀሳው አሥር ጊዜ እንዲጽፍ ላደረገው ነው።

በካሳ ክፍያ ሥዕሎች ላይ የባለ ይዞታዎች ስም በአማርኛ ይጻፋል፤ እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። የአውቶካድ የራሱ ኤስኤችኤክስ ፊደሎች ግዕዝ አያውቁም፤ የጥያቄ ምልክት ይደረድራሉ። በድሮዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፈው ደግሞ እናንተ ጋ አማርኛ መስሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የላቲን ዝባዝንኬ ይሆናል። በዩኒኮድ ጻፉ፣ የጽሑፉን ስታይል ኒያላ በመሰለ ትሩታይፕ ፊደል አድርጉት፤ የሚወጣውን ደግሞ በፒዲኤፍ ስጡ። የአንዲት እናት የእርሻ ስፋት ትክክል ሆኖ ስማቸው ጥያቄ ምልክት ቢሆን ኮሚቴው ፊት የሚንገላቱት እርሳቸው ናቸው።

በማይክሮስቴሽንና በኦፕንሮድስ ሶፍትዌሮች ለምትሠሩ፣ ነገሩ ያው ነው፤ ቤቱና መስኮቱ በግልጽ ስም ተለይተው ተቀምጠዋል። አንድ የዲጂኤን ፋይል በውስጡ ብዙ ሞዴሎች ይይዛል፦ ዲዛይን፣ ድሮዊንግና ሺት የሚባሉ። ኦፕንሮድስ የመንገዱን ሁለት አውታርና ሦስት አውታር ሞዴል በአንድ ፋይል ውስጥ ጎን ለጎን ያኖራቸዋል። ይቻላል ተብሎ ግን ሁሉ ነገር አንድ ፋይል ውስጥ አይታጨቅ፤ የሚቆለፈው ፋይሉ ስለሆነ አንዱ ሲከፍተው ሌላው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

መብራትና ፍላሽ

በፍላሽ ላይ ሆናችሁ አትሥሩ። ፍላሽ ጋሪ ነው፣ መኖሪያ አይደለም። አውቶሴቭን አሥር ደቂቃ ላይ አድርጉት፤ መብራት በድንገት ጠፍቶ ፋይሉ ቢበላሽ ከጎኑ ያለውን የባክ (.bak) ፋይል የስሙን ጭራ ወደ .dwg ቀይራችሁ ክፈቱት፣ ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ ያድናል። ማታ ማታ ሙሉው ፕሮጀክት ወደ ውጭ ዲስክ ይገለበጣል፤ ዲስኩ ቢሮ አያድርም፣ ከእኔ ጋር ቤት ይሄዳል።

ሲወጣ

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አይኤስኦ 19650 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መረጃ በአራት ሁኔታ ያልፋል ይላል፦ በሥራ ላይ ያለ፣ ለባልደረባ የተጋራ፣ የጸደቀና የወጣ፣ ወደ መዝገብ የገባ። ለሦስት ሰው ቢሮ ያ ሁሉ ሥርዓት ይከብዳል፤ ሐሳቡ ግን የአባቴ መዝገብ ቤት ነው። እኛ የምናደርገው "የወጣ" ፎልደር ውስጥ ለእያንዳንዱ ርክክብ በቀኑና በእርማት ፊደሉ አንድ ንዑስ ፎልደር መክፈት ነው፤ ፒዲኤፉና የሥዕል ፋይሎቹ ይገባሉ፣ ከዚያ ፎልደሩ ለማንበብ ብቻ ይሆናል። ስህተት ቢገኝ እንኳ እዚያ ውስጥ አይታረምም፤ ሞዴሉ ታርሞ በሚቀጥለው ፊደል ይወጣል። ሰውየው በእጁ ይዞ የቆመው ወረቀት እኔ ኮምፒውተር ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት።

የሚላከውን በኢትራንስሚት ጠቅልሉት፤ ኤክስሬፎቹን፣ ፊደሎቹንና የማተሚያ ቅንብሩን አብሮ ይሰበስባል። ጥቅሉን በሠራችሁበት ኮምፒውተር ላይ አትፈትሹት፤ እዚያ ሁሉ ነገር በነበረበት ስለሚገኝ ጎዶሎውም ሙሉ ይመስላል። እኔ ወደ ሁለተኛው ኮምፒውተር ወስጄ፣ የፕሮጀክቱን ድራይቭ ነቅዬ፣ እከፍተዋለሁ። አላገኘሁም የሚል ኤክስሬፍ፣ ወይም በፕሮስፔክተር ላይ ቢጫ ምልክት ያለበት ማጣቀሻ ካለ ይመለሳል። ከሌለ ሁለት ወረቀት አወጣለሁ፤ አንዱን ከመጀመሪያው፣ አንዱን ከመሐል። ከመሐል የማወጣው ሁልጊዜ ሰባተኛውን ነው።

ከዚያ ደብተሩ ይመጣል። የአባቴ ዓይነት ባለ ጠንካራ ሽፋን ነው፤ ቁጥር፣ ቀን፣ ምን ወጣ፣ የእርማት ፊደል፣ ለማን፣ ማን ተረከበ። ተረካቢው በሩ ላይ ቆሞ "ኢሜይል ካደረግሽልኝ አይበቃም ወይ?" ይለኛል። ብዕሩን እሰጠዋለሁ።